የተደገመው ክርን

ታላቅ ወንድሜ በያጅ ነው፤ ክርኑ ግን ራሱን ችሎ የሚኖር ፍጡር ነው። አንዴ ሲያዛጋ የጋራዡን በር ከነማጠፊያው ገንጥሏል፤ የማያምን መጥቶ ማጠፊያውን ይይ።

የዚያን ቀን ጋራዣችን ከዳቦ ቤቱ ጋር በቅርጫት ኳስ ገጥሟል። የትልቅ ክለብ አሰልጣኝ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጦ ያያል፤ አንድ ሰው ብቻ መርጦ ይሄዳል። ወንድሜ ከብየዳ ጭስ መውጫዬ ይቺ ናት ብሎ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቷል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ እኩል ለእኩል እንዳሉ፣ አንዱ ጋጋሪ ወደ ቅርጫቱ ዘለለ። ወንድሜም አብሮት። ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። የጋጋሪው አፍንጫ ሄዶ ለጆሮው ጎረቤት ሆነ፤ ደሙ ሜዳውን አልፎ ቦዩን ሞላ።

ዳኛው፣ ሰፈሩን ሁሉ የሚላጨው ፀጉር አስተካካይ፣ ፊሽካውን ነፋ። ፋውል። ለወንድሜ አምስተኛው ነውና ከጨዋታ ሊወጣ ነው።

«ጋሼ፣ የነካሁት ኳሷን ነው» አለ ወንድሜ።

ጋጋሪዎቹ ኳስ ከመቼ ወዲህ ነው አጥንት ያበቀለችው ብለው አፌዙ። ስድቡ እናት ዘንድ ሲደርስ ቡጢ ተጀመረ፤ አንዱ መካኒካችን ከየት እንዳመጡት እንጃ በሊጥ መዳመጫ ተመቶ ተዘረረ።

በእኛ ሜዳ ደንብ አለ፤ ያጨቃጨቀን ፋውል መቺና ተመቺ እዚያው ቦታቸው ቆመው እንደገና ይሠሩታል። ዳኛው ሁለቱን ጎትቶ ከቅርጫቱ ሥር አቆማቸው። ወንድሜ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ክርኑን ቀስ አድርጎ አሳየ።

«ይሄማ እሽሩሩ ነው» አለ ጋጋሪው፣ አፍንጫው ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆ። «እንዴት እንደመታኸኝ እኔ ላሳይህ።»

አሳየው። ሁለት የወንድሜ ጥርሶች አስፋልቱ ላይ ተንከባለሉ።

ወንድሜ ደሙን ተፋ። አሰልጣኙንም ክለቡንም ረሳ። ዳኛው ለመጨረሻ ጊዜ ዝለሉ ሲላቸው ክርኑ የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ ተነሳ፤ ቅድም በሄደበት መንገድ ሄዶ የጋጋሪው ቅንድብ ላይ አረፈ። ሰውዬው እንደ ዱቄት ጆንያ ወደቀ። የኛዎቹ እንኳ አንገታቸውን ደፉ።

«አዎ፣ እንደዚህ ነበር» አለ ዳኛው። «ውጣ።»

ጋጋሪው ውሃ ተደፍቶበት ተነሳና ባላበጠው በአንድ ዓይኑ ሁለቱንም የቅጣት ውርወራ አስገባ። አሰልጣኙም እሱን መረጠ። እስከ አሰልጣኙ መኪና መራመድ ግን ስላቃተው የሚያዝለው ጉልበተኛ ተፈለገ። ከወንድሜ የበረታ አልነበረም። እሱው አዝሎ አደረሰው፣ የወንበሩን ቀበቶ አሰረለት፣ በሩን ዘጋ።