አንቀጽ አሥራ አራት

ከመዘዞ ከተማ በላይ ያለው የአቦ ሜዳ የጥበቃ ደንብ ታትሞ ቀበሌ የደረሰው በኅዳር ነው። አንዱ ቅጂ ለጥበቃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ለየውብዳር ተሰጣት። ማንበብ የተማረችው በጉልምስናዋ ስለሆነ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ነው የምታነበው። ከመጀመሪያው ገጽ አልጀመረችም፤ በቀጥታ አንቀጽ አሥራ አራትን ፈለገች።

«በጥብቅ ሥፍራው ውስጥ ማናቸውንም ሣር ማጨድ ክልክል ነው» ይላል።

ቁጥሩን የተሳሳተች መስሏት አሥራ ሦስትን አየች፤ አሥራ አምስትንም አየች። ከዚያ የቀበሌው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። የለም።

እሷ የምታውቀው አንቀጽ አሥራ አራት ሌላ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለሕዝብ ሲነበብ በቃሏ ይዛዋለች፦ «ሜዳው ሦስት ዓመት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ የአካባቢው ሴቶች በየካቲት ለአንድ ሳምንት ጓሳ በማጭድ ያጭዳሉ።» ጓሳ ማለት በዚያ ብርድ አገር ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ የሚሠራበት ሣር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እጅን መሰብሰብ ቀላል ነገር አልነበረም። ያን ዕለትም ጎረቤቷ ብዙነሽ ተነሥታ፣ «ዛሬ ይነበባል፤ ወረቀቱ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን በምን እናውቃለን?» ብላ ነበር።

«የሚጽፈው ፍቅሩ ነው» አለቻት የውብዳር፣ በሰው ሁሉ ፊት። «እኔ ዋስ ነኝ።»

ፍቅሩ የሟች እህቷ ልጅ ነው። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው፣ በጎቿን እየሸጠች ሕግ ያስተማረችው እሷ ናት። ደብረ ብርሃን ውስጥ የጥብቅ ሥፍራ ደንቦችን በሚያረቅቅ ቢሮ ሲቀጠር አገሩ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። በስብሰባው ላይ አንቀጾቹን አንድ በአንድ ያነበበው እሱ ነው። ሴቶቹም ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችሉት አሻራቸውን አኖሩ።

ቃላቸውንም ጠበቁ። የብዙነሽ ጣሪያ ተበሳስቶ ሁለት ክረምት በላስቲክ ሸፍና አሳለፈች። ሜዳው ግን ጉልበት ድረስ አደገ፤ ከዓይን ጠፍቶ የነበረው ቀይ ቀበሮም ተመልሶ ወለደ። የውብዳር ግልገሎቹን ከሩቅ ባየች ቀን ያገኘችውን ሰው ሁሉ እያስቆመች ስታወራ ዋለች።

በነጋታው ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ሄደች። ፍቅሩ እስከ በሩ ወጥቶ ተቀበላት፤ ወንበር ሳበላት። ሻይ ላስመጣ ሲል ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

«ማተሚያ ቤቶቹ ተሳስተው ይሆን?» አለችው። ከልቧ እንደዚያ አስባ ነበር።

ፍቅሩ ወረቀቱን ዞር ብሎም አላየው። «አልተሳሳቱም፣ እትዬ።»

«ታዲያ የፊተኛውን ማን ሰረዘው? አለቆችህ ናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

ፍቅሩ ወንበሩን አስጠጋ። «ስሚኝማ። በር አንዴ ከተከፈተ መዝጊያ የለውም። በማጭድ ስም በሬ ይገባል፤ በበሬው ማግስት እርሻ ይገባል። ስንት ቦታ እንዲህ ሆኖ ሲያልቅ አይቻለሁ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ቀበሮውም ጓሳውም አይኖርም። ለሜዳው ብዬ ነው።»

«መቼ ነው የሰረዝከው?»

ወረቀቱን ማጣጠፍ ጀመረ።

«ፍቅሩ! መቼ?»

«ከስብሰባው በፊት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወደ ላይ በተላከው ረቂቅ ላይ አልነበረም። ለእናንተ ያነበብኩት የፊተኛውን ረቂቅ ነው። አለዚያ አትፈርሙም ነበር።»

ያን ዕለት አሥራ አራትን ሊያነብ ሲል ቀና ብሎ አይቷት ነበር። ለአንቺ ብዬ ያገባሁት ይኸው እያላት መስሏት ፈገግ ብላለት ነበር።

«እውነቱን ብትነግረኝ እኔው እለምንልህ ነበር» አለችው።

«እንቢ ቢሉስ?»

«እንቢ ይሉ ነበራ!» ብላ ተነሣች። ሻዩ ሲመጣ ደረጃውን ወርዳ ጨርሳ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን ሰብስባ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። ማንም አልሰደባትም። ብዙነሽ ብቻ፣ «አንቺ አታውቂም ነበር?» አለቻት።

«አላውቅም ነበር።»

ብዙነሽ ትኩር ብላ አየቻት። አምንሻለሁም፣ አላምንሽምም ሳትል ሄደች።

የካቲት ሲገባ ሴቶቹ ማጭዳቸውን ስለው ወደ ሜዳው ወጡ። የውብዳር ከፊታቸው ነበረች። ከቀበሮው ጉድጓድ የራቀውን ወገን መረጠች፤ ሥር የሚነካ እንዳይኖር፣ ከአንድ ቀን በላይም እንዳይታጨድ አስጠነቀቀች። ጠባቂው ምህረቱ እየሮጠ መጣ። ለሥራው ዕጩ አድርጋ ያቀረበችው እሷ ነበረች።

«እትዬ የውብዳር፣ ምን ላድርግ?» አላት።

«ሥራህን ሥራ። ስም ጻፍ፤ የእኔን አስቀድም።»

በመጋቢት ወረዳው ጠራት። ፍቅሩም በባለሙያነት ተጠርቶ ነበር። ሰብሳቢው ማጨድን የሚፈቅደው አንቀጽ በስብሰባው ላይ ተነቦ እንደሆነ ጠየቀው።

«ረቂቆች ብዙ ነበሩ» አለ ፍቅሩ። «የትኛው እንደተነበበ አላስታውስም።»

የውብዳር ወደ እሱ ዞረች። በቢሮው ያመነላትን በሰው ፊት ይክዳል ብላ አልጠበቀችም። ከኋላ የተነሣው ምህረቱ ነው። «እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ። ሰብሳቢው ጸሐፊውን ቃሉን እንዲመዘግብ አዘዘው። ውሳኔው ግን የውብዳር ከሊቀመንበርነት እንድትነሣ፣ ለሴቶቹ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ አንቀጹም እንዲጠና ሆነ። ፍቅሩ ከበሩ ውጭ ቆሞ፣ «እትዬ፣ በመኪና ላድርስሽ» ሲላት እንዳልሰማች ሆና አለፈችው። ከዚያ ወዲህ የደወለላትን አላነሣችም።

ስለ ጥናቱ ምንም ሳይሰማ ሰኔ ገባ። አንድ ጠዋት የውብዳር ከብዙነሽ ጋር ከምንጭ ስትመለስ የታችኛው መንደር በሬዎች ሜዳው ውስጥ ገብተው አየች። ስድስት ይሆናሉ። ወደ ቀበሮው ጉድጓድ እየተጠጉ ነው።

«ተይው» አለች ብዙነሽ። «ሊቀመንበር አይደለሽም። የከለከሉን ይጠብቁት።»

የውብዳር እንስራዋን እንዳዘለች ቆመች። ብዙነሽ እውነቷን ነበር፤ ይህን የውብዳርም ታውቃለች። ከዚያ ስልኳን ከመቀነቷ አውጥታ ምህረቱ ጋ ደወለች።

«በታችኛው በኩል ስድስት በሬ ገብቷል» አለችው። «ፍጠን።»

ቀና ስትል ብዙነሽ ሳትጠብቃት ብቻዋን ዳገቱን ጀምራለች። የውብዳር አልጠራቻትም። እንስራዋን አውርዳ፣ ምህረቱ እስኪደርስ ድረስ በሬዎቹን ከጉድጓዱ ለማራቅ ድንጋይ እየወረወረች ወደ ሜዳው ገባች።