ነጻ የወጣው ጉርጥ

መምህር ጸጋአብ ዐዋቂ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም፣ እሱም አያስክድም። ከድንበር ማዶ ጉምቦ በምትባል ሰፈር፣ የሐበሻና ከስደት የተመለሱ ሰዎች ልጆች በሚማሩበት ትንሽ ትምህርት ቤት ሳይንስ የሚያስተምረው እሱ ብቻ ነው። ያም ሆኖ የሚፎካከረው ሰው ያለ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ይገባል። የልጆቹን ምሳ የምታበስለው ኛፓል ባየችው ቁጥር በልቧ፣ "እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች" ትላለች። ጋምቤላ በስደት ስታድግ ከተማረችው ተረት ሁሉ እንደዚህ የሚጠቅማት የለም።

ዝናቡ ሲገባ ሮዳስ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀኝ እጇ ላይ ኪንታሮት ወጣባት። ልጆቹ ጉርጥ ስታነሳ አይተዋት ነበርና ፍርዱ ባንድ ቀን አለቀ፤ ጉርጥ ሸንቶባታል። ሪያክ የሚባለው የክፍሏ ልጅ ደግሞ ጉርጡን የላከው የጀበል ኩጁር ተራራ ጠንቋይ ነው ብሎ ጨመረበት። እዚያ ምሳ የሚበላው አምስት አምስት ሆኖ ከአንድ ትሪ ነው። ሮዳስ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ለብቻዋ በሰማያዊ ሳህን በላች። ኛፓል ያንን ሳህን ባጠበች ቁጥር አንጀቷ ያርራል።

"መምህር፣ እርስዎን ይሰማሉ፤ ልጅቷን ወደ ትሪዋ ይመልሱልኝ" ብላ ለመነችው።

"ድንቁርና ነው!" አለ። "ነገ እገላግልሻለሁ።"

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ጉርጥ በባልዲ ይዞ ገባ። ኛፓል በመስኮት ቆማ አየች። ጉርጡን በባዶ እጁ ሲያነሳው ክፍሉ ጮኸ።

"ይህ እንቁራሪት አስተኔ ነው" አለ። "በውሃ ይፈለፈላል፣ አድጎ የብስ ላይ ይኖራል። ትንኝ ይበላላችኋል፤ እናንተ ጨው ትነሰንሱበታላችሁ! ቆዳው ላይ የምታዩት ዕጢ ነው፣ ኪንታሮት አይደለም። ሽንቱም ኪንታሮት አያወጣም። ነክታችሁት እጃችሁን መታጠብ ብቻ ነው።"

ኪዱ ነካው። ጆይ ነካችው። ኛፓል እውነቱን ለመናገር ኮራችበት።

"ቲቸር፣ ታዲያ ኪንታሮት ከየት ይመጣል?" አለ ኪዱ።

ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ሮዳስን አየት ያደርግ ነበር። ጸጋአብ ግን ጥያቄ ሲጠየቅ የሚያየው ራሱን ብቻ ነው።

"ከሰው!" አለ ጣቱን ቀስሮ። "ቫይረስ ነው፤ በመነካካት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል!"

ዓይን ሁሉ ወደ ሮዳስ ዞረ። እጇን ዴስኩ ሥር ከተተችው።

በምሳ ሰዓት ልጆቹ ጉርጡን አጅበው ሣር ውስጥ ለቀቁት። ሪያክ ጭራሽ "ማሌሽ" ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ሮዳስ እጇን ታጥባ ወደ ትሪው ስትጠጋ ግን ጆይ ትሪውን ሳበችባት።

"ከጉርጡ አይደለም፣ ከአንቺ ነው። ቲቸር ራሱ ነው ያለው።"

ኛፓል ልጆቹን ሊያይ ብቅ ወዳለው ጸጋአብ በንዴት ዞረች። "መምህር፣ ይኸው ሥራዎ!"

"ያልኩት እውነት ነው" አለ ጸጋአብ።

"እውነትማ ነው። ጉርጡን ነጻ አውጥተው ልጅቷን አሰሩልኝ።" ከሮዳስ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ሮዲ፣ አጉርሺኝ።"

ልጅቷ ፈራ ተባ ብላ አጎረሰቻት። ኛፓል ሁሉም እያያት ጥርግ አድርጋ ዋጠች። "ለቲቸርም።"

ሮዳስ ጠቅልላ ተነሣች። ጉርጡን በባዶ እጁ የያዘው ጀግና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"እኔ... ጾመኛ ነኝ።"

"ሐሙስ ነው እኮ፣ ቲቸር!" አለ ኪዱ። "ትላንት ነበር ጾሙ!"

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ሪያክ መምህሩን የሚበልጥበትን አጋጣሚ አሳልፎ አያውቅምና ብድግ ብሎ አፉን ከፈተ። "እኔ አልፈራም። ለእኔ ስጪኝ!" ሪያክ ሲጎርስ ኪዱ ተከተለ፤ ጆይም ከመቅረት ብላ ትሪውን መለሰችው። ሮዳስ በኪዱና በጆይ መካከል ተሸጉጣ ተቀመጠች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በላይ በላዩ ጎረሰች።

ኛፓል በሰማያዊው ሳህን ምሳ ጨለፈችና ለጸጋአብ በሁለት እጇ፣ በአክብሮት አቀረበችለት።

"እንግዲህ ይህ የእርስዎ ነው፣ መምህር።"