ባለ ቀዳዳው ካርቶን

መጀመሪያ የተሰማው ብረት ከብረት ሲጋጭ ነው፤ ቀጥሎ የመስታወት መርገፍ፣ ቀጥሎ የዘበኛው «ኧረ በሕግ!»። መምህሩ ቀና ከማለቱ የቢሮው በር ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ወደቀ።

የገባው የአንዲት ተማሪው አባት፣ ብረት በያጁ ነው፤ በአንድ እጁ ክንድ የሚያህል ፌሮ፣ በሌላው ልጁን እየጎተተ። የልጅቱ ከንፈር ተሰንጥቋል፤ ያበጠ ግራ ክንዷን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች።

«ከመቶ አሥራ ዘጠኝ!» አለ አባት። «ዓመቱን ሙሉ ‹ልጅህ የክፍሉ ቁንጮ ናት› ስትለኝ የከረምከው አንተ አይደለህም? ከሁለታችሁ ያላገጠብኝ ማነው? እሷን ጠይቄ ጨርሻለሁ!»

«ይረጋጉ ጋሼ፤ ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው። ወረቀት አያዳላም።»

«አያዳላም? እኔም አላዳላም! እሷንም፣ አንተንም!»

ፌሮው የመምህሩ ትከሻ ላይ አረፈ። መምህሩ ከነወንበሩ ተገለበጠ፤ አፉ ውስጥ ደም ደም አለው።

«ተነስ! ዓይኔ እያየ ወረቀቷን አርም!»

በደህና እጁ መሳቢያውን ሳበ። እርማቱ ቀላል ነው፤ ትክክለኛ መልሶቹ ላይ የተበሳ ካርቶን ወረቀቱ ላይ ይደረብና በየቀዳዳው የታየው ጥቁር ነጥብ ይቆጠራል። በአንድ ከሰዓት ሁለት መቶ ወረቀት ይጨርስ ነበር። አሁን ግን በአንድ እጁ ሲደርበው ካርቶኑ ተንሸራተተና ጥጉ ላይ የተጻፈውን ኮድ አየ። ካርቶኑ ኮድ አንድ፣ የልጅቱ ወረቀት ኮድ ሁለት። ጥያቄዎቹ አንድ ቢሆኑም ቅደም ተከተላቸው በየኮዱ ይለያያል፤ ወረቀቷ ከማይሆን ክምር ገብታ ኖሯል።

ክው አለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ አሥራ ዘጠኝ ቢል ማን ያውቅበታል? ልጅቱ ግን ታየዋለች። ጉብዝናዋን ዓመቱን ሙሉ በዓይኑ አይቷል፤ አይቶ ካርቶኑን አመነ።

የኮድ ሁለቱን ካርቶን ደረበ። ቆጠረ።

«ዘጠና አራት» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የሌላ ኮድ ካርቶን ደርቤባት ነው።»

ብረት በያጁ ጉሮሮውን አንቆ ከግድግዳ ጋር አጋጨው። «በዚህ እጄ ነው እኮ የሰበርኳት! በዚህ እጄ!» ዘበኛው ከኋላ ተጠምጥሞ እስኪያላቅቀው ድረስ የመምህሩ ዓይን ጨለመ።

አባት ዞረ። «የኔ እናት…» አለና እጁን ዘረጋ።

ልጅቱ ወደ እጁም ወደ ወረቀቷም አላየችም። ወጣች። መምህሩ በመስኮቱ አያት፤ ከግቢው ወጥታ ወደ ቤታቸው በማይወስደው መንገድ ታጠፈች።