የሚያኝከውና የሚያርፈው

ዶክተሩ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን አድርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቸው። አንደኛውን የጥርስ ብሎን አጥንቱ ጥርቅም አድርጎ ይዞታል፤ በሌላኛው ዙሪያ ግን ጥቁር ክፍተት ይታያል። ይልማ የትኛው የእሱ እንደሆነ አልጠየቀም። ሰሞኑን ምላሱ በነካው ቁጥር ጥርሱ ሲነቃነቅበት ነው የከረመው።

ይልማ የአዋሽ ጣቢያ ሐዲድ ጠጋኝ ነው፤ ጓደኛው ስዩም ደግሞ የዚህ የአገዳ እርሻ ክሊኒክ ድሬሰርና አስተርጓሚ። አብረው የተሳፈሩባት የሐዲድ ጋሪ ተገልብጣ ከእያንዳንዳቸው አንድ የፊት ጥርስ ባወለቀች ጊዜ የጣቢያው ሰው «ጥርስም ሳይቀር ተካፈሉ» ብሎ ስቆባቸዋል። ፈረንጁ ዶክተር አዲሱን ጥርስ አጥንታቸው ውስጥ በብሎን የተከለላቸው ዕለት ስዩም አስተረጎመለት፦ «አኝክበት አለህ። አጥንት ሥራ ሲያገኝ ነው የሚጠነክረው።»

ይልማም አመነው። ከእጮኛው ከመንበረ ጋር የሚያደርገውን ሠርግ ወደ ፋሲካ ማግሥት የገፋው እንኳ በሰው ፊት አፉን ሳይሸፍን መሳቅ አምሮት ነው። ስዩም በየቅዳሜው ከእርሻው አገዳ ያመጣለታል፤ ራሱ ግን በቢላዋ ትንሽ ቆርጦ ከመምጠጥ አያልፍም። «ለእኔ ብሎ ነው» እያለ ይልማ ሆዱ ይባባ ነበር።

ዛሬ ዶክተሩ አስተርጓሚ አላሻውም፤ አማርኛው በርትቷል።

«የትኛው እንደሚሻል ለማየት፣ ከሁለታችሁ አንድ ሰው ማኘክ ነበረበት፣ አንዱ ማረፍ። አንተ የምታኝክ፣ ስዩም የሚያርፍ። አጥንት ብሎኑን ሳይዝ ብዙ ከተጫንከው ይሸሻል። ይሄን አውቀህ፣ ወደህ መረጥክ፤ ስዩም ነግሮኛል።»

ይልማ ቀና ብሎ አየው። ዶክተሩ ራጆቹን ዝቅ አደረገ።

«አልመረጥክም?»

«ይወጣል?» አለ ይልማ።

«ይወጣል። ሌላ ለመትከል የቀረ አጥንት የለም።»

ይልማን ከጥርሱ ይልቅ ያቃጠለው አገዳው ነበር፤ ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ የስዩም «ንከስ እንጂ፣ በደንብ ንከስ!»

ስዩም ደጅ፣ ግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ የዛሬውን አገዳ ይልጣል። ይልማን ሲያይ ሳቀ፤ ጥርሱ ሙሉ ነው።

«እህስ፣ ምን አለህ?»

ይልማ አጠገቡ ተቀመጠና አገዳውን ከእጁ ወሰደ። አንጓ ያለበትን ወፍራሙን ጫፍ መርጦ ሰበረና እንደ ጉርሻ ወደ ስዩም አፍ አቀረበው።

«ዛሬ አንተ ንከስልኝ» አለ። «በፊት ጥርስህ።»

የስዩም ሳቅ ቀስ እያለ ከሰመ። ከወዳጅ እጅ ጉርሻ መመለስ ነውር እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ስዩም አፉን አልከፈተም፤ ይልማም እጁን አላጠፈም።