ፊሽካ ትንፋሽ ያገኘ ቀን

ባሌን ፍራሽ መሥሪያው ውስጥ «ፊሽካ» ነው የሚሉት። ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫላ! እኔና እሱ ጥጥ እየነደፍን ፍራሽ እንሞላለን። ጥጥ ደግሞ ክንፍ አለው፤ መስኮት ከተከፈተ ግማሹ ጎረቤት ሄዶ ነው የሚያድረው። ስለዚህ ዘግተን እንነድፋለን። ሳሉ ሲብስበት «ብርድ ነው» ብዬ በሩንም ደርቤ ዘጋሁት።

ከዚያ ወሬው ተነሳ፤ ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። አለቃችን «ሳትመረመር እዚህ ድርሽ እንዳትል» ብሎ አስወጣው። እጁን ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። እንቢ ለማለትም ትንፋሽ አልነበረውም።

የውጤቱ ቀን ሲስተሯ «ነቀርሳ የለም፤ ራጁም ንጹህ ነው» አለች። እልል ልል አፌን ስከፍት፣

«ቆይ እትዬ፣ ገና ነው» አለችኝና ለባሌ የትንፋሽ መለኪያ ሰጠችው። «አየር በደንብ ይሳቡና ባንዴ እፍ ይበሉበት፣ ጋሼ።»

እፍ አለ። የመለኪያው ጠቋሚ ቀዩ ምልክት ላይ ትንሽ ተንፏቃ ቆመች።

«ይሄ ነው እፍ? ሻማም አያጠፋ!» አልኩ።

«አንቺ... እስቲ... ዝም...» ለእያንዳንዷ ቃል አንድ ትንፋሽ።

ሲስተሯ ግድግዳው ላይ ያለውን የሳንባ ሥዕል አሳየችን። የተገለበጠ ዛፍ! ግንዱ ከጉሮሮ ይወርዳል፣ ለሁለት ይከፈላል፣ ቅርንጫፉ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ጫፉ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ያሉ ከረጢቶች። ደም ንጹሑን አየር የሚቀበለው፣ የተቃጠለውን የሚመልሰው እዚያ ነው አለች። ይሄ ሁሉ ጉድ በፊሽካ ደረት ውስጥ!

«የሳንባ ምች ሲሆን ከረጢቶቹ ፈሳሽ ይይዛሉ። የእሳቸው ግን አስም ነው፤ ቅርንጫፎቹ ተቆጥተው ጠበዋል። ሥራ ቦታችሁ አቧራ አለ?»

«ኧረ የለም! ጥጥ ብቻ ነው።»

«መስኮቱስ ይከፈታል?»

ባሌ እኔን አየኝ። እኔ ዛፉን አየሁ።

የሚሳብ መድኃኒት አስሳበችው። ጥቂት አስቀመጠችንና መለኪያውን መልሳ ሰጠችው። አላስቻለኝም፣ ተነሳሁ።

«ንፋ! ንፋው! እንዳትለቃት!»

ወረፋ ላይ ያሉት በበሩ አንገታቸውን አስግገው «ንፋ!» አሉ። ጠቋሚዋ ተስፈነጠረች! ከቀዩ ወጥታ፣ ቢጫውን ሰንጥቃ፣ አረንጓዴው ደጃፍ! እልልታዬ ጣሪያውን ነካው።

«እና ወደ ሥራው ይመለሳል?» አልኳት።

«ነቀርሳ አለመሆኑን እጽፍላችኋለሁ። ግን መስኮት ይከፈት፣ አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ፣ ሲሻላቸውም መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። ካልሆነ ከጥጥ ሥራ መራቅ ግድ ይሆናል።»

መንገድ ላይ «ከእንግዲህ ጓሮ መረብ ወጥረን ነው የምንነድፈው፤ አለቀ» አልኩት።

ቀጥ ብሎ ቆመ። «አንቺ ሴት፣ ጓሮው እርጥብ መሆኑን እያወቅሽ፣ ጥጡ ረጥቦ እንዲጓጉል ነው? መረቡ መስኮቱ ላይ ይወጠር፣ ነፋስም ይግባ፣ ጥጡም አይውጣ ብዬ ድሮ ስነግርሽ መች ሰማሽኝ!»

ሳያቋርጥ፣ ሳያፏጭ፣ ባንድ ትንፋሽ! ለካ እስከ ዛሬ በክርክር የማሸንፈው ትንፋሽ እያነሰው ኖሯል።

«ድገመው እስቲ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሁሉንም!»