ክሪክ ላይ የታሰረ ጎሚኒ

ወርሳሜ ደክሞታል። ድካሙ የዛሬ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ድሬዳዋ፣ መጋላ ሠፈር ውስጥ በሰው መኪና ሥር በጀርባው ሲንፏቀቅ የተጠራቀመ ነው። የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ከመኪና ሥር መውጣቱ ራሱ ሥራ ይሆንበታል።

ጉሌድ በሐረር መስመር ሰው የሚያመላልስባትን ፔጆ ወርሳሜ በሚሠራበት የኒም ዛፍ ሥር አቁሞ ወረደ። ከጋዜጣ ጥቅል ውስጥ፣ በመኪና እግር መጋጠሚያ በጎማው ጎሚኒ ፈንታ የሚገቡ ቢጫ የፕላስቲክ ቡሾች ዘረገፈ።

«ጎሚኒውን አውጣና እነዚህን እሰርልኝ፣ አዴር። ፖሊዩሬታን ይሉታል። ከጅቡቲ በባቡር ስንት ፍተሻ አልፈው የመጡ ናቸው» አለ፤ ወርሳሜን የሚጠራው አዴር፣ አጎቴ እያለ ነው።

ወርሳሜ አንዱን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ንቅንቅ አላለም። «ይሄማ ድንጋይ ነው። ሀሊሞን ምን ልታደርጋት ነው?»

ሀሊሞ የጉሌድ ሚስት ናት። የጀርባ አጥንቷን ታማ በየሳምንቱ ሐረር ለሕክምና ትመላለስ ነበር። ከሦስት ወር በፊት «ለታማሚ የሚሆነው ጎማ ነው» ብሎ አዲሱን ጎሚኒ ያሰረው ወርሳሜ ራሱ ነው። ጎማ ዕድሜው ቢያጥርም ጉድጓዱን ዋጥ ያደርጋል። ቢጫው ፕላስቲክ ዕድሜ አለው፤ ግን የሐረር መንገድ የሚወጣበትን የደንገጎ ዳገት ጠጠር አንድ በአንድ ወገብ ላይ ያደርሳል።

«ያንተ ጎማ ሦስት ወር አልቆየም፣ ተበጣጠሰ» አለ ጉሌድ። «ባለፈው ደንገጎ ላይ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሀሊሞ እሪ አለች። ወላሂ፣ ሁለተኛ ሐረር አልሄድም፣ አልጋዬ ላይ ልሙት ብላለች። እሷ ካልሄደች ለማን ብዬ ነው ለስላሳ የማስረው?»

ወርሳሜ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ሥሯ ገባ። የተቀደደውን ጎሚኒ ሲያወጣ ግን እጁ ቀጥ አለ። ጎሚኒው አላረጀም። እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዝዞ ነው የተቀደደው። እንዲህ አድርጎ የሚያስር ጀማሪ ነው። የጎሚኒ ብሎን የሚጠብቀው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በእግሩ ከቆመ በኋላ ነው፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ሲወርድ ጎሚኒው ይጠመዘዛል፣ በየጉድጓዱም ይብስበታል።

ጎሚኒውን ያሰረበት ቀን ትዝ አለው። የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ድምፅ ማጉያው መንገድ ለመንገድ ይጮሃል፤ የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም ተብሏል። መኪናዋ ክሪክ ላይ እንዳለች ብሎኖቹን አጥብቆ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሮጠ።

አሁን ቢጫውን ቢያስር ማን ያውቃል? ጥፋቱ የጎማው ሆኖ ይቀራል፤ የወርሳሜም ስም መጋላ ውስጥ እንደተከበረ ይኖራል። ይህን አሰበ፤ ማሰቡም አሳፈረው። ሀሊሞ እኮ ያለ ሐኪም መቅረቷ ነው።

«ጎማው አልበደለም» አለ ከሥር ሳይወጣ፤ የጉሌድን ፊት ማየት ፈርቷል። «እኔ ነኝ። ስብሰባ ደርሶብኝ ክሪክ ላይ አሰርኩት።»

ወርሳሜ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። «ስደበኝ እንጂ።»

«ብሰድብህ ጀርባዋ ይድናል?» አለ ጉሌድ። «አቦ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔስ ጎማውን ስረግም ከረምኩ።»

ወርሳሜ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን የመጨረሻ የጎማ ጎሚኒ ከመደርደሪያው አወረደ። አስገባው፤ መኪናዋን ከክሪክ አወረዳት፤ ጉሌድን ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ለክብደት ውስጧ አስቀምጦ ብሎኑን ያን ጊዜ አጠበቀ። ቢጫዎቹን በጋዜጣቸው ጠቅልሎ መለሰለት። ከዚያ ቱታውን ሳያወልቅ ሀሊሞ በር ላይ ሄዶ ቆመና ጥፋቱን ነገራት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪው። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ካመመሽ ከመንገድ እንመለሳለን።»

ሀሊሞ በማግስቱ ጠዋት ተደግፋ መጥታ ገባች፤ ወርሳሜም አጠገቧ ተቀመጠ። የደንገጎ የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲመጣ ጉሌድ ማርሽ ቀነሰ። መኪናዋ ጎንበስ ብላ ቀና አለች። ብረት አልጮኸም። ሀሊሞ የወንበሩን ጠርዝ የጨበጠችበትን እጅ ቀስ ብላ ለቀቀች።

ዳገቱን ብዙ ከወጡ በኋላ ወደ ወርሳሜ ዞረች። «አዴር፣ ያን ቀን ስብሰባው ስለምን ነበር?»

ወርሳሜ አሰበ። ከልቡ አሰበ። ስኳሩ በሳምንቱ ማለቁን ያስታውሳል፤ ጭብጨባውንም ያስታውሳል።

«አላውቅም ልጄ» አላት።