የድርቡሹ ዘሪባ

"መምህር፣ ከዚህ ወዲያ ወዴት ነው የሚወስዷቸው?"

ስመኝ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር የጠየቀችው። ንብረት የሚባለው ከጎንደር የመጣ ቅርስ መዝጋቢ ጣልያን ትቶት በሄደው ምሽግ ውስጥ ገብቶ የመትረየሱን ቀዳዳ በሜትር ይለካል። አጃቢ ሆኖ የመጣው የቀበሌው ታጣቂ ፈረደ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

"ወደ ድርቡሹ ዘሪባ ነዋ" አላት የታሪክ መምህሩ አለነ። "ከዝርዝሩ የቀረው እሱ ብቻ ነው።"

"እረ በማርያም! ባዘዘው እዚያ ነው ያለ።"

አለነ ክው አለ። ባሏ ባዘዘው ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ተጠርቶ ከጠፋ ሁለት ወሩ ነው።

"ሱዳን ገባ አልተባለም እንዴ?"

"እግሩን እሾህ ወግቶት አብጧል። እስኪሽረው ጉድባው ውስጥ ተኝቷል። ፈረደ ካየው አለቀለት፤ ሮጦ እንኳ አያመልጥም።"

ድርቡሾች የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በእሾህ አጥረው የመሸጉበትን ያን ቦታ ከዳር እስከ ዳር በእግሩ የለካ አለነ ብቻ ነው። ይመዝገብልኝ እያለ ሦስት ዓመት ደብዳቤ ጽፏል። በለስ ቀንቶት ሰው ቢመጣለት እንዲህ ባለ ቀን ሆነ! ተናደደ። በማን እንደተናደደ ግን ለራሱም አልገባውም።

ንብረት ሱሪውን እያራገፈ ወጣ።

"ወደ ዘሪባው እንሂዳ!"

"ፀሐዩ በረታ። ለሌላ ቀን ብናደርገውስ?"

"ነገ ጎንደር መግባት አለብኝ። ደግሞ በደብዳቤ መከራዬን ያበላኸኝ አንተ አይደለህ እንዴ?"

መንገድ ጀመሩ። አለነ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጫማዬ ጠጠር ገባበት እያለ ሁለት ጊዜ ቆመ። ስመኝ ከምሽጉ በር ሳትንቀሳቀስ ታየዋለች። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ንብረት በየትኛው እንደሆነ ጠየቀ። አለነ አፉን ሳይከፍት ፈረደ ቀደመ።

"ዘሪባማ ያውላችሁ! ምኑ ይጠፋል?"

ያሳየው በእሾህ የታጠረውን የመንደሩን ሰው የሸህ ኸሊፋን የከብት በረት ነበር። ለፈረደ፣ ለቆላው ሰው ሁሉ፣ ዘሪባ ማለት ይኸው ነው።

አለነ ስህተት ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። የበዓል ንግግር መሀል ተነስቶ የቀበሌውን ሊቀመንበር ዓመተ ምሕረት ያረመ ሰው ነው። አሁንም "አይደለም" የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ከምራቁ ጋር ዋጠው።

ንብረት ግራ ተጋባ። "ይኸ ነው እንዴ? ከነእበቱ?"

"የተረፈው ይኸ ነው።"

"እሾሁ ግን አዲስ ነው።"

"በየዓመቱ ይታደሳል" አለ አለነ። ይኸ እንኳ ውሸት አልነበረም።

"ጉድባውስ? ጉድባ አለው ብለህ ጽፈህ አልነበር?"

"ተደፍኗል።"

ፈረደ ሳቀ። "አቤት መምህር! ለዚህ በረት ነው ሦስት ዓመት ሙሉ የለፉት?"

አለነ ፊቱ ጋለ። ነገ ይኸ ሳቅ ጠላ ቤት እንደሚገባ፣ ተማሪዎቹም እንደሚሰሙት ያውቃል። በቀኝ በኩል ባለው መንገድ ሦስት መቶ እርምጃ ቢሄዱ እውነተኛው ቦታ አለ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ፈረደ ያፍራል፣ እሱ ደግሞ ይከበራል።

ንብረት በረቱን በረጅሙ ተመለከተና ተነፈሰ። ከቅጹ ላይ "የድርቡሽ ዘሪባ" ከሚለው ጎን "ለምዝገባ የሚበቃ አይደለም" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን አቀበለው።

"የታሪክ መምህሩ አንተ ነህ፤ አረጋግጥልኝ። ካረጋገጥክ ወዲያ ሌላ ሰው ተመልሶ አይመጣም።"

አለነ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና ስሙን ከነአባቱ ስም፣ በሚነበብ ጽሕፈት ጻፈ።